ትእዛዙ መንገድ ላይ ነው

የአንዋር ይመር ነጭ የደም ሕዋሳት ማክሰኞ ጠዋት ከሰውነቱ ወጥተው የቤቱ በር ላይ ዘብ ቆሙ። ቁመታቸው እንደ ሰው ነው፤ የለበሱት ነጭ ነው፤ ፊታቸው አንዱ ከሌላው ብዙም አይለይም። ብዛታቸው ግቢውን አይሞላም፣ በሩን ለመዝጋት ግን ይበቃል። አንዋር ሱብሒ ሰግዶ ሚኒባሱን ሊያሞቅ ወጥቶ ነበር። ቁርሱን ሊቀምስ ሲመለስ አንደኛው እጁን ዘርግቶ አስቆመው።

«ማን ነህ?» አለው።

«አንዋር ነኝ። ቤቴ ነው።»

«አንዋርን እየጠበቅነው ነው» አለ ዘበኛው።

«ከማን?»

«ካንተ።»

አንዋር መታወቂያውን አውጥቶ አሳየው። ዘበኛው ተቀብሎ በጥንቃቄ ተመለከተው፤ ፎቶውንና ፊቱን አስተያየ፤ እንደሚመሳሰሉም አልካደም። «መመሳሰሉ ነው ያሳሰበን» ብሎ መለሰለት።

አንዋር ወደ ሚኒባሱ ተመልሶ ለእህቱ ለሩቂያ ደወለ። ሩቂያ ነገሩን ስትሰማ ብዙ አልጠየቀችም።

«የለበሱት ምንድን ነው?»

«ነጭ።»

«ይናገራሉ?»

«ሲጠየቁ።»

«እንዳትነካቸው። መጣሁ።»

ሩቂያ ሁለቱም በሚኖሩባት በደሴ ከተማ፣ በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ ትሠራለች። ሥራዋ ካርታ መሥራት ነው፤ ካርታው ግን የአገር አይደለም። ነጭ የደም ሕዋስ ሰውነትን የሚጠብቅ ቢሆንም በራሱ አይወስንም። በሕዋሱ እምብርት የተቀመጠው ትእዛዝ አር ኤን ኤ በሚባል ቀጭን ጥብጣብ ላይ ይገለበጥና ወደ ውጭ ይላካል። ጥብጣቡ ብቻውን አይጓዝም፤ መንገድ ላይ ፕሮቲኖች ያገኙታል። አንዱ ያፈጥነዋል፣ አንዱ ይበጣጥሰዋል፣ ሌላው ደግሞ ጨብጦ ይይዘውና ሳይነበብ ያስቀረዋል። ሩቂያ ፕሮቲኖቹን «እጅ» ትላቸዋለች፤ የትኛው እጅ የትኛውን ጥብጣብ እንደያዘ ትመዘግባለች። ይህን ለማወቅ ሕዋሶቹ ላይ አልትራቫዮሌት መብራት ይበራባቸዋል። በዚያች ቅጽበት የተነካካ ሁሉ እንደተነካካ ይጣበቃል። ከዚያ ወዲያ አይላቀቅም።

አንዋር ከአምና ጀምሮ ጣቶቹና ጉልበቶቹ እያበጡ መሪ መጨበጥ እስኪያቅተው ድረስ ታሞ ነበር። ሐኪሞቹ የሰውነቱ ጠባቂዎች የገዛ መገጣጠሚያውን እንደ ባዕድ መቁጠር ጀምረዋል አሉት። መድኃኒቱ አንዳንዴ ያሽለዋል፣ አንዳንዴ ይተወዋል። ሩቂያ ደሙን ወስዳ ካርታውን ሠራች። ከጤነኞች ካርታ ጋር ስታስተያየው በአንድ ቦታ ላይ ይለያል። ጤነኞቹ ጋ አንዱን ጥብጣብ የያዘ እጅ አለ። አንዋር ጋ ጥብጣቡ አለ፣ እጁ የለም።

ከሆጤ ሰፈር በላይ ያለውን ዳገት በባጃጅ ወጥታ ስትደርስ የጦሳ ተራራ ጉም ገና ከጣራዎቹ ላይ አልተነሣም። ጎረቤቱ ዘበኞቹን ተለማምዷቸዋል። የአንዋር ሚስት ዘይነባ ትወጣለች፣ ትገባለች፤ ማንም ምንም አላላትም። ፍየሏም ትወጣለች፣ ትገባለች። ወተት የሚያመጣው ሰውዬ ሰላምታ ሰጥቷቸው አልፏል። አንድ የሚያስነጥስ ጎረቤት ብቻ ስኳር ሊበደር መጥቶ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኝተውታል።

ሩቂያ ዓመታት በማይክሮስኮፕ ስታያቸው ስለኖረች አልደነገጠችም። ግዙፎቹ ያገኙትን የሚውጡ ናቸው። ቀጫጭኖቹ ፊት እያዩ የሚለዩ ናቸው። ከቀጫጭኖቹ አንዱ ፊት ቆመች።

«ይህን ሰው ለምን አታስገቡትም?»

«ባዕድ ነው።»

«ትናንት ባዕድ አልነበረም።»

«ትናንት ትእዛዝ አልወጣም ነበር።»

«ትእዛዙ ምን ይላል?»

«ገና አላነበብነውም። መንገድ ላይ ነው። ሲደርሰን እናስወግደዋለን።»

«ካላነበባችሁት የሚለውን በምን አወቃችሁ?»

ዘበኛው ትንሽ አሰበ። «ስንጠብቀው የኖርነው ትእዛዝ ነው» አለ።

ሩቂያ ወደ ሚኒባሱ ሄዳ ከወንድሟ አጠገብ ጋቢና ገባች። አንዋር መስኮቱን ዘግቶ እጁን በመሐረብ እየጠቀለለ ነበር። ጠዋት ሲጣደፍ የበሩ ቆርቆሮ ቧጭሮታል።

«አሳየኝ» አለችው።

«ጭረት ናት። እነዚህ ሰዎች እስከ መቼ ነው የሚቆሙት?»

«ሰዎች አይደሉም። ያንተው ናቸው።»

«የኔ ከሆኑ እኔን ይስሙኛ።»

«አንተን አይደለም የሚሰሙት» አለች ሩቂያ። ጭረቷን አየቻት። ትንሽ ናት። ጠባቂዎቹ በሙሉ ውጭ ቆመው ሳለ ግን በዚች ጭረት የሚገባውን የሚያስቆም ውስጡ አንድም አልነበረም። ይህን አልነገረችውም፤ መሐረቡን አጥብቃ አሰረችለት።

አንዋር ሚኒባሱ ውስጥ አድሮ ረቡዕ ጠዋት ክንዱ እስከ ክርኑ ቀልቶ ተገኘ። ሩቂያ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ደሙን የመረመረው ባለሙያ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ደጋግሞ መረመረ። ነጭ ሕዋስ የሚባል አልተገኘም። ሐኪሟ መርፌ ወጋችውና መድኃኒቱ ያለ እነሱ እርዳታ ብዙ እንደማያስኬደው ነገረችው። «ካሁን ጀምሮ ከሰው ራቅ» አለችው። «ቤትህ ግባና በርህን ዝጋ።»

አንዋር አመስግኗት ወጣ።

ሰፈር ሲመለሱ ዘበኞቹ በሩ ላይ ብቻ አልነበሩም። ሚኒባሱን ባቆመበት ሁሉ እየመጡ ይከቡታል። አይቆጡም፣ አይገፉም፤ ዝም ብለው መስተዋቱን በመዳፋቸው ይነኩታል። ከውጭ በነኩት ቁጥር የአንዋር ጣቶች ከውስጥ ያብጣሉ።

ከዙሁር በኋላ አበጋሩ ሼህ ኑርዬ ተጠሩ። በአካባቢው ደም የተቃባ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚታረቀው። ሼሁ በዱላቸው እየተደገፉ መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ዘበኞቹም አክብሮት አላጓደሉባቸውም፣ ጎንበስ ብለው አዳመጧቸው። ንግግሩ ረዘም አለ። በመጨረሻ ሼሁ ተነሥተው ወደ ሩቂያ መጡ።

«ልጄ፣ ደመኛ ቢሆኑ አስታርቅ ነበር» አሏት። «ደመኛን ይቅር በል ይሉታል። እነዚህ ግን አልተቀየሙም።»

«እና ምንድን ነው ያሉዎት?»

«እንወደዋለን ነው የሚሉት። ለሱ ብለን ነው ይላሉ። የሚወድን ሰው ተው ብሎ መመለስ በኔ ዕድሜ አልገጠመኝም።» ለአንዋር ዱዓ አደረጉለትና ዳገቱን ቀስ እያሉ ወረዱ።

ገና ከዓይን ሳይርቁ ዘይነባ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ተጣራች። ድምፅዋ ከወትሮው አልጨመረም፣ ሩቂያ ግን ሮጠች።

«ነይ እስቲ እይው። ከቁም ሳጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር እየወጣ ነው።»

በቁም ሳጥኑ መዝጊያዎች መሀል አንድ ቀጭን ጥብጣብ ሾልኮ ወጥቷል። ማንም ሳይጎትተው በራሱ እየረዘመ ወለሉ ላይ ይሄዳል፤ አካሄዱ የሚያውቀውን ሰፈር እንደሚያቋርጥ ሰው ነው። ዘይነባ መዝጊያውን ከፈተችው። ከአንዋር ኮቶችና ከእሷ ቀሚሶች በቀር ምንም አይታይም። ጥብጣቡ ከልብሶቹ ጀርባ ካለው ጨለማ ይመጣል።

ሩቂያ ተንበርክካ አየችው። አራት ፊደላት ብቻ እየተቀያየሩ ተደርድረውበታል። መጀመሪያውን አነበበችና ቀሪውን በቃሏ ወጣችው። እጅ ያጣው ጥብጣብ ነው።

ዘይነባ የስፌት መቀሷን አምጥታ ቆረጠችው። የተቆረጠው ወለሉ ላይ ሟሙቶ ጠፋ። ወዲያው ከቁም ሳጥኑ ሌላ ወጣ፤ ይሄኛው ከፊተኛው ይፈጥናል።

«አትቁረጪው» አለች ሩቂያ። «በቆረጥሽው ቁጥር እንደ አዲስ ይገለበጣል።»

«እንያዘው በያ።»

ያዙት። እንደ እርጥብ ሳሙና ከጣቶቻቸው መሀል እያሟለጨ አለፈ። ዘይነባ በሁለት እጇ፣ ኋላም በጥርሷ ሞከረች። በመጨረሻ የአልጋው እግር ላይ ጠመጠመችው። ይህ አዘገየው እንጂ አላቆመውም።

ሩቂያ ተነሥታ ቀኝ መዳፏን አየች። «እስክመለስ እየጠመጠምሽ አቆይው» አለች።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር መታሰቢያ ይባላሉ፤ ነገር ማስረዘም የማይወዱ ሴት ናቸው። ሩቂያ ተንቀሳቃሹን መብራት እንደምትፈልግ ስትነግራቸው ቀና ብለው አዩዋት።

«ለምን?»

«የወንድሜ ትእዛዝ ወጥቷል። የሚይዘው የለም።»

ግድግዳው ላይ የአንዋር ካርታ ተለጥፎ ነበር። ዶክተር መታሰቢያ ባዶውን ቦታ በጣታቸው ነኩት። «እጅ ከየት ታመጪለታለሽ?»

ሩቂያ ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ዶክተሯ እጁን አዩት። «ያ ብርሃን ያጣበቀውን የምናላቅቅበት ነገር የለንም።»

«አውቃለሁ።»

«በምን ልትጽፊ ነው?»

«ግራዬን አለማምዳለሁ።»

«መብራቱን ነገ ጠዋት እንፈልገዋለን» አሉ ዶክተር መታሰቢያ። ቀጥለውም ከዚያ በፊት ያላደረጉትን አደረጉ፤ መብራቱን በራሳቸው እጅ ተሸክመው እስከ ባጃጁ ድረስ ሸኟት።

ቤት ስትደርስ ጥብጣቡ ከአልጋው እግር ተፈትቶ ሳሎን ገብቷል። ሩቂያ ዘበኞቹን ሸሽቶ ከቤቱ ጀርባ ለዞረው ለአንዋር ልታደርግ ያሰበችውን በመኝታ ቤቱ መስኮት ነገረችው። ክንዱ እስከ ትከሻው ቀልቶ በትኩሳት ዓይኑ ይንቀለቀላል፤ ያም ሆኖ ሰማት።

«አይሆንም» አለ።

«ሌላ መንገድ የለም።»

«እታለም፣ በቀኝሽ እኮ ነው የምትበይው።»

«ታጎርሱኛላችሁ።»

«ከዚያ ክፍል መውጣት አትችይም እኮ። ጥብጣቡ ከቁም ሳጥኑ ጋር የተያያዘ ነው።»

«አልጋውን አስጠጉልኝ።»

ከኮምቦልቻ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ መንዳት ያስተማራት አንዋር ነው፤ ከወሰነች በኋላ እንደማትመለስ ያውቃል። ያበጠ ጣቱን በመስኮቱ ብረት መሀል አስገብቶ ጉንጯን ነካት።

ሩቂያ የመብራቱን ገመድ ሰካች። አልበራም። ዘይነባ የክፍሉን ማብሪያ ሞከረች። እሱም አልበራም። ከጎረቤት ሬዲዮ ሲሰማ የነበረው ድምፅ ተቋርጧል። የሰፈሩ መብራት ሄዷል።

«መቼ ይመጣል?» አለች ሩቂያ።

«አንዳንድ ቀን ቶሎ ይመጣል» አለች ዘይነባ። «አንዳንድ ቀን ይቆያል።»

ሳሎኑ ውስጥ ጥብጣቡ ከምንጣፉ ወርዶ ወደ ደጃፉ ያቀና ነበር። ከበሩ ዘበኞች አንዱ፣ ያ ቀጭኑ፣ ከቆመበት ተነሥቶ ወደ ደጃፉ ተጠግቶ መጠበቅ ጀመረ።

«ሚኒባሱ ውስጥ የተሳፋሪ ስልክ የምሞላበት ኢንቨርተር አለ» አለ አንዋር ከመስኮቱ ውጭ። «ባትሪው ደህና ነው። ገመዱ እንዲደርስ ግን መኪናውን እዚህ ማምጣት አለብኝ።»

«ከበውታል እኮ» አለች ዘይነባ።

«አውቃለሁ» አለና ሄደ።

ሩቂያ በመስኮቱ ቆማ አየችው። አንዋር በዘበኞቹ መሀል እየተሹለከለከ ጋቢና ገባ። የነኩት ቦታ ሁሉ፣ ትከሻው፣ ጉልበቱ፣ አንገቱ፣ እያየችው አበጠ። ሞተሩን አስነሣ። ዘበኞቹ ለመኪና መንገድ መልቀቅ አያውቁም። በሩ ላይ ተንጠለጠሉ፣ ጣራው ላይ ወጡ፣ መስተዋቱን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ከግዙፎቹ አንዱ አፉን ከፍቶ የጎኑን መስታወት ዋጠውና ሌላኛውን ሊውጥ ዞረ። ሚኒባሱ በቤቱና በአጥሩ መሀል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ እያፈገፈገ መጣ። አንዋር መሪውን የሚያዞረው በጣቶቹ አልነበረም፤ ጣቶቹ አይታጠፉም። በክርኖቹ ነበር።

መስኮቱ ሥር ሲደርስ ገመዱን በጥርሱ ይዞ አቀበላት። ዘይነባ ተቀብላ ሰካችው።

ጥብጣቡ ደጃፉን ተሻግሯል። ቀጭኑ ዘበኛ ጫፉን ለማንሣት ጎንበስ ብሏል።

ሩቂያ ከቁም ሳጥኑ ፊት ተንበርክካ ጥብጣቡን በቀኝ እጇ ጨበጠች። እንደ በፊቱ አሟለጨ። አጥብቃ ጨበጠችው። «ዘይኔ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችና በግራ እጇ መብራቱን አበራች።

ክፍሉ ሐምራዊ ሆነ። ሩቂያ ሕመም አልተሰማትም። መዳፏ ውስጥ ሲሮጥ የነበረው ነገር ቆመ፤ ከዚያ የእሷ ይሁን የጥብጣቡ የማይለይ ሙቀት እስከ አንጓዋ ወጣ። ጣቶቿን ለመክፈት ሞከረች። ጣቶች አልነበሩም፤ ጭብጥ ብቻ ነበር።

ውጭ ፀጥ አለ። ደጃፉ ላይ ያጎነበሰው ዘበኛ ባዶ እጁን ይዞ ቀና አለ። ለምን እንዳጎነበሰ የዘነጋው ይመስላል። ወደ መተላለፊያው ዞሮ ሚኒባሱ ጋ ሄደ፤ በሩን ከፍቶ አንዋርን አየው።

«አንዋር» አለው። «ውጭ ምን ትሠራለህ? ብርድ ይመታሃል።»

ደግፈው አወረዱት። ከጣራው የወረዱት፣ ከበሩ የመጡት፣ መስታወቱን የዋጠውም ጭምር አጅበውት ገቡ። ደጃፉን ሲያልፍ ብዙ ነበሩ፣ ሳሎን ሲደርስ ጥቂት፣ መኝታ ቤቱ በር ላይ ብቻውን ነበር። የክንዱ መቅላት ከትከሻው ወደ ክርኑ፣ ከክርኑ ወደ አንጓው እየሸሸ ነበር። የእህቱን እጅ አይቶ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዝም ብሎ አለቀሰ። ሩቂያም አልከለከለችውም።

«ያምሻል?» አላት ቆይቶ።

«አያምም። ይስበኛል እንጂ።»

ዘይነባ ምግብ አቅርባ ሁለቱንም አጎረሰቻቸው፤ የአንዋር ጣቶች ገና አልተፍታቱም። አልጋውን ከቁም ሳጥኑ ጋር አስጠጉ፤ ለክንዷ ትራስ አደረጉላት። አንዋር ከማክሰኞ ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ጋደም አለና ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ዘይነባ ልትሰግድ ወደ ሳሎን ወጣች።

ሩቂያ ብቻዋን ቀረች። እንደበራ የተረሳውን መብራት ልታጠፋ ግራ እጇን ስትዘረጋ ሐምራዊው ብርሃን በልብሶቹ መሀል አልፎ ወደ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደሚገባ አስተዋለች። ኮቶቹን በክርኗ ገፋ አደረገቻቸው። ቁም ሳጥኑ ጀርባ አልነበረውም። ብርሃኑ እስከሚደርስበት ድረስ በግራም በቀኝም፣ በላይም በታችም እጆች ነበሩ፤ እያንዳንዱ አንድ ጥብጣብ ጨብጧል። የአንዳንዱ ጉልበት የሚያስፈራ ነው፣ አንዳንዱ የልጅ እጅ ይመስላል። ክንዳቸው ከየት እንደሚጀምር አይታይም። ከእሷ ቀጥሎ ያለው እንሶስላ የተቀባ የአሮጊት እጅ ነበር። ቦታ ሊለቅላት ትንሽ ጠጋ አለ። ከዚያ ትንሿ ጣቱ ከጥብጣቡ ላይ ቀስ ብላ ተነሣች፤ ቀጥላ ያለችው ጣትም ተከተለቻት። ጥብጣቡ ከአሮጊቷ እጅ መንሸራተት ጀመረ፤ የሩቂያ ግራ እጅ ገና ባዶ ነበር።